ማን ተጠየቀ? የ1985 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ በየአውራጃው

ይህ ንግግር በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ፣ በፋርታ፣ በእስቴ፣ በጋይንት፣ በስማዳ፣ በደራና በፎገራ ሆናችሁ በራዲዮ ለሰማችሁት፣ አሁን ደግሞ ፊደል በለየ ዓይናችሁ ከወረቀት ላይ ለምታነቡት ሁሉ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ የምናነሣው ነገር ብዙ ሰው ከጫፉ ይዞ የሚከራከርበት ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ስትለይ ድምፅ የሰጠው ማን ነው? የተጠየቀውስ ምን ተብሎ ነው? ሁሉም አውራጃ እኩል መለሰ ወይስ ልዩነት ነበረ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እንደ ሦስት ጉልቻ አድርገን እንያዛቸው። ድስቱ የሚቆመው በሦስቱ ላይ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ቃል እንማር። ሕዝበ ውሳኔ ማለት ሕዝቡ ራሱ በድምፁ የሚወስነው ውሳኔ ነው። በምርጫ ጊዜ ሰው ይመረጣል። በሕዝበ ውሳኔ ጊዜ ግን የሚመረጠው ሰው አይደለም፤ አንድ ጥያቄ ይቀርብና ሕዝቡ «እሺ» ወይም «እምቢ» ብሎ ይመልሳል።

የምንጠራቸው ዘመኖች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ደብረ ታቦር ላይ የተነገረ ነገር

ታሪኩ ከእኛው ደጃፍ ይጀምራል። በጥቅምት ወር 1872 ዓ.ም. ጎርዶን የሚባል እንግሊዛዊ ደብረ ታቦር ገባ። ጎርዶን ያን ጊዜ በግብፅ ሥር የነበረችውን ሱዳንን የሚገዛ ሹም ነበር። ወደዚህ የመጣው በከተማችን ከነበሩት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ሊነጋገር ነው። የመጣበት ጉዳይ የወሰን ጉዳይ ነበር። ግብፅ በ1864 ዓ.ም. ከረንንና የቦጎስን አገር ይዛ ነበር። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ሁለት ጊዜ ድል ብትሆንም ቦጎስን አልለቀቀችም። ዐፄ ዮሐንስ አገሩ እንዲመለስላቸውና የባሕር በር እንዲከፈትላቸው ጠየቁ። ጎርዶን ግን ይህን ለመስጠት አልመጣም ነበር። ሳይስማሙ ተለያዩ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ስለ ከረንና ስለ ምጽዋ የተነጋገሩት አንድ ንጉሥና የአንድ ገዥ መልእክተኛ ናቸው። የከረን ገበሬ፣ የምጽዋ ዓሣ አጥማጅ አልተጠየቀም። የዚያ ዘመን ሥርዓት እንዲህ ነበር። አገር በሰይፍና በውል ይያዛል እንጂ ነዋሪው «ምን ትላለህ?» አይባልም።

ከዚያ በኋላ በ1876 ዓ.ም. በዓድዋ በተደረገ ውል ቦጎስ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ነገር ግን በዓመቱ በ1877 ኢጣልያ ምጽዋን ያዘች። ቀስ በቀስም ወደ ደጋው ወጣች። በ1882 ዓ.ም. የያዘችውን አገር «ኤርትራ» ብላ ሰየመችው። ይህም ሲሆን ነዋሪውን የጠየቀው አልነበረም።

ሲጣመሩ ያልተጠየቁ

ኢጣልያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትሸነፍ፣ በ1933 ዓ.ም. እንግሊዝ ኤርትራን ተረከበች። ከጦርነቱ በኋላ «ኤርትራ የማን ትሁን?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ያን ጊዜ በኤርትራ ውስጥ የነበረው ልዩነት ሰፊ ነበር፤ ልዩነቱም በአብዛኛው ከአገሩ አቀማመጥ ጋር ይሄድ ነበር።

ደጋው፣ ማለት ሐማሴን፣ ሠራዬና አከለ ጉዛይ፣ ብዙው ሕዝብ ክርስቲያንና ገበሬ ነው። እንደ እኛው ደጋ ገብስና ስንዴ ይዘራል፣ በበሬ ያርሳል። ከኢትዮጵያ ጋር መሆን የሚለው ማኅበር የበለጠ ደጋፊ ያገኘው እዚህ ነበር። ቆላው፣ በተለይ ምዕራቡ፣ ብዙው ሕዝብ እስላምና ከብት አርቢ ነው። በ1939 ዓ.ም. የሙስሊም ሊግ የሚባለው ማኅበር በከረን ተመሠረተ። እርሱም ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድን ተቃወመ፤ ነጻነትን ጠየቀ። ይሁን እንጂ ደጋው ሁሉ እንዲህ፣ ቆላው ሁሉ እንዲያ ነበር ማለት አይደለም። ከደጋው ክርስቲያኖች እንደ ወልደአብ ወልደማርያም ያሉ ሰዎች ነጻነትን ሲጠይቁ፣ ከእስላሞቹም አንድነትን የደገፉ ነበሩ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አምስት አገሮች መርጦ ሰዎቻቸውን ወደ ኤርትራ ላከ። አምስቱ አገሮች ኖርዌይ፣ በርማ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ጓቲማላና ፓኪስታን ናቸው። አይተው ሲመለሱ ሐሳባቸው ሦስት ሆነ። ኖርዌይ «ከኢትዮጵያ ጋር ትዋሐድ» አለች። በርማና ደቡብ አፍሪካ «በፌዴሬሽን ትያያዝ» አሉ። ጓቲማላና ፓኪስታን «ለጊዜው በሞግዚት ቆይታ ነጻ ትውጣ» አሉ። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ድርጅቱ ፌዴሬሽኑን ወሰነ። ፌዴሬሽን ማለት እያንዳንዱ በራሱ ቤት እያደረ በአንድ ግቢ መኖር እንደማለት ነው። ውሳኔው የተሰጠው በአገሮች ድምፅ ነው። ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገም።

ፌዴሬሽኑ መስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. ጀመረ። ኤርትራ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ ባንዲራ ነበራት። ትግርኛና ዓረብኛ የሥራ ቋንቋዎቿ ነበሩ። ከዚያ ግን አንድ በአንድ ተነሡ። በ1951 ዓ.ም. ባንዲራው ወረደ። አማርኛ የሥራ ቋንቋ ሆነ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈረሰ፤ ኤርትራም እንደ ሌሎቹ ጠቅላይ ግዛቶች አንዷ ሆነች። የፈረሰው በምክር ቤት በተነበበ ቃል ነው እንጂ በሕዝብ ድምፅ አይደለም።

የአንድ ሰው ታሪክ እንንገራችሁ። ተድላ ባይሩ የሚባሉ የደጋ ሰው ከኢትዮጵያ ጋር መሆንን ከሚደግፉት መሪዎች አንዱ ነበሩ። ፌዴሬሽኑ ሲጀመር የኤርትራ አስተዳደር የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። በ1947 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በኋላ ግን ጠመንጃ ካነሡት ጋር ተሰለፉ። አንድነትን የሰበከ ሰው ይህን ካደረገ፣ ሌላው የደጋ ሰው ልብ ወዴት እንደሄደ ለመገመት አያዳግትም።

ጦርነቱ የተጀመረው ነሐሴ 26 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። 30 ዓመት ቆየ። ስለዚህ ጦርነት ለእናንተ ብዙ መንገር አያስፈልግም። ከጉና ተራራ ሥር ካሉት መንደሮች ልጆች ተመልምለው ወደ ሰሜን ሄደዋል። የተመለሰ አለ፣ ያልተመለሰም አለ። በዚያም በኩል መንደሮች ተቃጥለዋል፣ እናቶች ልጆቻቸውን አጥተዋል። የሁለቱም ወገን እናት ያለቀሰችው አንድ ዓይነት ለቅሶ ነው።

ጥያቄው መጣ

በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወደቀ። ግንቦት 16 ሻዕቢያ አሥመራ ገባ፤ ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ከሰኔ 24 እስከ 28 በአዲስ አበባ ስብሰባ ተደረገ። ኤርትራ ዕድሏን በሕዝበ ውሳኔ እንድትወስን ስብሰባው ተቀበለ። ይህን በግልጽ ተነሥተው የተቃወሙት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተወካይ የነበሩት ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ናቸው። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሕዝበ ውሳኔውን ተቃውመው ሰልፍ ወጡ። ተተኮሰባቸው፤ ሰው ሞተ።

ክርክሩ ምን ነበር? አንዱ ወገን «ትዳር የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ብቻ ተጠይቆ አይፈርስም። እኛም የደብረ ታቦር፣ የወሎ፣ የወለጋ ሰዎች መጠየቅ ነበረብን» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ስትዳር ያልተጠየቀች ሴት ልውጣ ስትል የምትጠየቀው እርሷ ናት እንጂ ባሏ አይደለም» ይላል። ሁለቱንም አድምጡ። ጉዳዩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

የሆነው ይህ ነው። ድምፅ እንዲሰጡ የተጠየቁት 18 ዓመት የሞላቸው፣ የኤርትራ ዜግነት ወረቀት የያዙ ሰዎች ብቻ ናቸው። በኤርትራ ቢኖሩም፣ በሱዳን በስደት ቢኖሩም፣ በኢትዮጵያ ከተሞች ቢኖሩም፣ ወረቀቱ ካላቸው ይመዘገባሉ። ሌላው የኢትዮጵያ ሕዝብ አልተጠየቀም።

ጥያቄውም አንድ ነው፦ ኤርትራ ነጻና ሉዓላዊት አገር እንድትሆን ትፈልጋለህ? መልሱ «እወ» ወይም «አይፋል» ነው፤ በእኛ «አዎ» ወይም «አይደለም» ማለት ነው። ፌዴሬሽኑ ይመለስ የሚል ሦስተኛ መልስ አልቀረበም። ያን ጊዜ ኤርትራን ያስተዳድር የነበረው ሻዕቢያ ብቻ ነበር።

ድምፁ ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ለሦስት ቀን ተሰጠ። ከተመዘገበው 100 ሰው ከ98 በላይ ወጥቶ ድምፁን ሰጠ። የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ነበሩበት፤ አለቃቸው ሳሚር ሳንባር ድምፁ በነጻነትና በትክክል ተሰጥቷል ብለው መሰከሩ። ውጤቱ ሚያዝያ 19 ተነገረ። አዎ ያለው 1,100,260 ሰው ነው። አይደለም ያለው 1,822 ሰው ነው። ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ተባለች። ኢትዮጵያም የባሕር በር የሌላት አገር ሆነች።

ሠንጠረዡን እናንብብ

ብዙ ሰው ከላይ ያለውን ድምር ሰምቶ ይሄዳል። ማንበብ የቻለ ሰው ግን ዝርዝሩን ይመለከታል። እስቲ ሰሌዳና ጠመኔ ያላችሁ እያነበባችሁ ጻፉ። የመጀመሪያው ቁጥር ድምፅ የሰጠው ሰው በሙሉ ነው፤ ሁለተኛው «አይደለም» ያለው ነው።

አሥመራ፦ 128,620፤ አይደለም 144
ሐማሴን፦ 76,716፤ አይደለም 59
ሠራዬ፦ 124,809፤ አይደለም 72
አከለ ጉዛይ፦ 92,634፤ አይደለም 147
ሰንሒት፦ 78,540፤ አይደለም 26
ባርካ፦ 44,472፤ አይደለም 47
ሳህል፦ 51,187፤ አይደለም 141
ሰምሃር፦ 33,750፤ አይደለም 113
ደንከል፦ 26,027፤ አይደለም 91
ጋሽና ሰቲት፦ 73,506፤ አይደለም 270
ታጋዮች፦ 77,579፤ አይደለም 21
በሱዳን ያሉ፦ 154,058፤ አይደለም 352
በኢትዮጵያ ያሉ፦ 57,706፤ አይደለም 204
በሌሎች አገሮች ያሉ፦ 82,806፤ አይደለም 135

አሁን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ከሁሉ ብዙ እምቢ ያለው የሱዳኑ ነው፣ 352» ብላችሁ አትቸኩሉ። በሱዳን የነበረው ድምፅ ሰጪ ብዙ ነው፤ ስለዚህ እምቢ ያለውም ቢበዛ አይደንቅም። ትልቅ ጎተራና ትንሽ ጎተራ ስናመዛዝን በአንድ ቁና እንሰፍራለን አይደል? እዚህም ቁናችን 10,000 ሰው ይሁን። ከእያንዳንዱ 10,000 ሰው ስንቱ እምቢ አለ?

በጋሽና ሰቲት 37 ገደማ። በኢትዮጵያ ካሉት 35። በደንከል 35። በሰምሃር 33። በሳህል 28። በሱዳን 23። በአከለ ጉዛይና በሌሎች አገሮች 16። በአሥመራና በባርካ 11። በሐማሴን 8። በሠራዬ 6። በሰንሒትና በታጋዮች ዘንድ 3።

10,000 የገብስ ፍሬ በሰፌድ ላይ ብታፈሱ፣ በጋሽና ሰቲት ሰፌድ ላይ 37 ጥቁር ፍሬ ታገኛላችሁ፤ በሰንሒቱ ላይ 3 ብቻ። ሁለቱም ሰፌድ ከሩቅ ሲያዩት ነጭ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ጎንበስ ብሎ ለለቀመ ነው።

ከዚህ ለቀማ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ የድሮው ልዩነት ተገልብጧል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለአንድነት ብዙ ደጋፊ የነበረው ደጋው ነው። በ1985 ግን በሠራዬና በሐማሴን እምቢ ያለው እጅግ ጥቂት ነው። ከፍ ያለ እምቢታ የታየው በቆላው ነው፦ በጋሽና ሰቲት፣ በደንከልና በሰምሃር። ጋሽና ሰቲት የኢትዮጵያ ጎረቤት ነው፤ ኩናማና ናራ የሚባሉት ሕዝቦች ይኖሩበታል። ደንከል የአሰብ ወደብ ያለበት የአፋሮች አገር ነው። ሰምሃር ምጽዋ ያለችበት ነው። ነገር ግን ቆላውም አንድ አይደለም። ባርካ ቆላ ሆኖ ከአሥመራ ጋር እኩል ነው። የሙስሊም ሊግ የተወለደባት ከረን ያለችበት ሰንሒትም ከአውራጃዎቹ ሁሉ ትንሹን እምቢታ ያሳየ ነው።

ሁለተኛ፣ ይህ ሁሉ ልዩነት ትንሽ ነው። ከ10,000 ሰው 37ም ሆነ 3 ቢሆን ውጤቱን አይለውጥም። ከአርባ ዓመት ጥቂት ባለፈ ጊዜ ውስጥ ያ ሰፊ ልዩነት ወደዚህ ጠበበ። ያጠበበው ምንድን ነው? የፈረሰው ፌዴሬሽን፣ የተከለከለው ቋንቋ፣ የተቃጠለው መንደርና የ30 ዓመቱ ጦርነት ናቸው። ሲጣመሩ ተጠይቀው ቢሆን፣ ሲፈርስም ተጠይቀው ቢሆን፣ መልሳቸው የተለያየ በሆነ ነበር። የተጠየቁት ግን ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ዘግይቶ የመጣ ጥያቄ መልሱን ቀድሞ ይዞ ይመጣል።

የሌላ አገር ሠንጠረዥ

ይህ ነገር በዓለም ላይ የእኛ ብቻ አይደለም። ነሐሴ 7 ቀን 1897 ዓ.ም. የኖርዌይ ሕዝብ ከስዊድን ጋር ያለው አንድነት ይፍረስ ወይስ አይፍረስ ተብሎ ተጠየቀ። ይፍረስ ያለው 368,208 ነው፤ አይፍረስ ያለው 184 ብቻ። ነገር ግን የተጠየቁት ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴቶች ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር። ምን አደረጉ? ዝም አላሉም። ወረቀት አዘጋጅተው ከ240,000 በላይ ሴቶች ስማቸውን ፈረሙ። ሕግ ያልጠየቃቸው ሴቶች መጻፍ በመቻላቸው ድምፃቸውን አሰሙ።

ሰኔ 16 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ ተብሎ ተጠየቀ። ከ100 ሰው 52ቱ ያህል «ትውጣ» አሉ። እዚያ ግን ልዩነቱ ሰፌድ መልቀም አላስፈለገውም። በእንግሊዝ ከ100 ሰው 53ቱ «ትውጣ» ሲሉ፣ በስኮትላንድ 62ቱ፣ በሰሜን አየርላንድ 56ቱ «ትቆይ» ብለው ነበር። በድምሩ ግን ሁሉም ወጡ። «እኛ እምቢ ብለን ሳለ ለምን እንወጣለን?» የሚል ቅሬታ ቀረ። ድምር አሸናፊውን ይናገራል፤ ዝርዝሩ ደግሞ ማን እንዳኮረፈ ይናገራል።

የፈረሙት ወረቀት

አሁን ወደ ሠንጠረዡ እንመለስና «በኢትዮጵያ ያሉ፦ 57,706» የሚለውን መስመር በጣታችሁ ያዙት። እነዚህ ሰዎች በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን የሚኖሩ ነበሩ። ነጋዴ አሉባቸው፣ አስተማሪ አሉባቸው፣ መካኒክ አሉባቸው። ከእኛ ጋር የተጋቡ፣ ከእኛ የወለዱ ናቸው። ድምፅ ለመስጠት የኤርትራ ዜግነት ወረቀት ያዙ። ድምፃቸውን ሰጥተው ወደ ቤታቸው፣ ወደ ኢትዮጵያዊ ኑሯቸው ተመለሱ።

በ1990 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ተነሣ። ያን ጊዜ ያ ወረቀት ተነሥቶ ታየ። «በሕዝበ ውሳኔው ተመዝግበሃልና ኤርትራዊ ነህ» ተባለ። ብዙ ሺህ ሰዎች ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ተደረገ። ባል ሄዶ ሚስት ቀረች፤ አባት ሄዶ ልጆች ቀሩ። በኤርትራ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ተበደሉ፣ ተባረሩ።

ጦርነቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ስምምነት ቆመ። የሁለቱን አገሮች የካሣ ጥያቄ የሚመለከት ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ ለሕዝበ ውሳኔው ወረቀት የያዙት ሰዎች የኤርትራንም የኢትዮጵያንም ዜግነት ይዘው ነበር አለ። ኢትዮጵያ በጦርነቱ ጊዜ ለደኅንነቷ ያሰጓትን አጣርታ ማስወጣቷን ሕግ አይከለክላትም አለ፤ ዜግነታቸውን ያለ አግባብ ያጡ ሌሎች እንደነበሩና ለዚህም ተጠያቂ መሆኗን ግን ፈረደ። ኤርትራም በኢትዮጵያውያን ላይ ላደረሰችው በደል ተጠያቂ ሆነች። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በአሥመራ የሰላም ቃል ፈረሙ። የተለያየው ቤተሰብ ግን እነዚያን ሃያ ዓመታት መልሶ አያገኛቸውም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከዚህ ታሪክ ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ የምትሄዱት ይህ ይሁን። በማኅበር ይሁን፣ በእድር ይሁን፣ በቀበሌ ይሁን፣ «ሕዝቡ ወሰነ» ሲባል ስትሰሙ አራት ነገር ጠይቁ። ማን ተጠየቀ? ምን ተብሎ ተጠየቀ? መቼ ተጠየቀ? ዝርዝሩስ ምን ይላል? አምስተኛው ደግሞ ለራሳችሁ ነው፦ ጣቴን የማሳርፍበት፣ ስሜን የምጽፍበት ወረቀት ነገ ምን ያመጣብኛል? ትናንት ይህን ለማወቅ ሌላ ሰው ያነብላችሁ ነበር። ዛሬ ራሳችሁ ታነባላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ።

ለመወያየት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሱዳን 352 ሰው፣ በጋሽና ሰቲት 270 ሰው እምቢ ብሏል። የጋሽና ሰቲት ይበልጣል ያልነው ለምንድን ነው?
2. በትዳር የተመሰሉትን ሁለት ክርክሮች በቡድን ሆናችሁ ተከራከሩ። ከዚያ ወገን ቀይራችሁ እንደገና ተከራከሩ።
3. በመንደራችሁ በቅርቡ የተወሰነ አንድ ነገር አንሡ። ማን ተጠየቀ? ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ?

እስከሚቀጥለው ጊዜ ደኅና ቆዩን።